መንደርደሪያው ላይ ሌላ አውሮፕላን ሲገባ

ጥያቄ፦ የተሳፈርንበት አውሮፕላን ለመነሳት እየተንደረደረ ሳለ በኃይል ብሬክ ያዘና ቆመ። ዋና አብራሪው ሌላ አውሮፕላን ከፊታችን መንደርደሪያውን እያቋረጠ እንደነበር ነገሩን። መንገዱ ከተለቀቀ በኋላ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ለምን?

መልስ፦ ያስጠበቃችሁ ብሬኩ ነው። አውሮፕላኑ በሩጫ ያከማቸው ጉልበት ሲቆም አብዛኛው ወደ ብሬክ ዲስኮቹ ገብቶ ሙቀት ይሆናል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ስለሚሆን፣ ከ140 ኖት (የአውሮፕላን ፍጥነት መለኪያ) ላይ መቆም ከ70 ኖት ላይ ከመቆም አራት እጥፍ ሙቀት ያመጣል። ሙቀቱ ከዲስኮቹ ወደ ቸርኬው የሚዛመተው ቀስ እያለ ነው። በመሆኑም ከፍተኛው የሙቀት ንባብ ብዙ ጊዜ የሚታየው ከቆመ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በኋላ ነው።

ቸርኬው ላይ ሙቀት ሲበዛ የሚቀልጡ ትናንሽ መድፈኛዎች አሉ። ሲቀልጡ አየሩን ያስወጡና ጎማው ከመፈንዳት ይድናል። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ወደ ጋለ ጎማ ከፊት ወይም ከኋላ እንጂ ከጎን የማይጠጉትም፣ ምናልባት ቢፈነዳ ስብርባሪው ወደ ጎን ስለሚወረወር ነው።

አብራሪዎቹ የአውሮፕላኑን ክብደት፣ ብሬክ የተያዘበትን ፍጥነትና የአየሩን ሙቀት ይዘው ከሠንጠረዥ የማቀዝቀዣውን ደቂቃ ያወጣሉ። ሳይቀዘቅዝ ተነስተው እንደገና መቆም ቢያስፈልግ ብሬኩ ያን ሁለተኛ ሙቀት ላይችለው ይችላል። የጋለ ጎማ ወደ ሆድ ዕቃው ማጠፍም የእሳት ስጋት አለው። ስለዚህ ያ አንድ ሰዓት በከንቱ የጠፋ አይደለም።

ጥያቄ፦ «ከቪ-ዋን በፊት ከሆነ መቆም ይቻላል» ይባላል። ታዲያ ስጋቱ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቪ-ዋን፣ ማለትም አብራሪው ለመቆም ሊወስን የሚችልበት የመጨረሻ ፍጥነት፣ የሚሰላው መንደርደሪያው እስከ ጫፉ ባዶ ነው ተብሎ ነው። ከዚያ ፍጥነት በፊት ማቆም የጀመረ አውሮፕላን ከጫፉ ሳያልፍ ይቆማል ማለት ነው። መሃል ላይ ሌላ አውሮፕላን ከገባ ግን መንደርደሪያው እዚያው ያልቃል፤ ስሌቱ ያንን አያውቅም። ሕይወት የሚያተርፉት በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚደረጉት ነገሮች ናቸው።

ዋና አብራሪው እስከ ቪ-ዋን ድረስ እጁን ከሞተር ኃይል እጀታዎቹ ላይ አያነሳም። ቪ-ዋን ሲባል ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ውሳኔው መብረር ነው። ለመቆም ሲወስን እጀታዎቹን እስከ መጨረሻው ይመልሳል፣ ብሬኩ በሙሉ ኃይል ይያዛል፣ ክንፉ ላይ ያሉት ሰሌዳዎች ይነሳሉ፣ የሞተሩን ግፊት ወደ ፊት የሚያዞረው ሪቨርስ ይከፈታል። ሰሌዳዎቹን ቀላል ነገር አድርጋችሁ አትዩአቸው፦ ክንፉ አውሮፕላኑን ማንሳቱን ካላቆመ ክብደቱ ጎማው ላይ አያርፍም፣ ጎማው ላይ ያላረፈ ክብደት ደግሞ ብሬኩን አያግዝም። በቦይንግ 737 ላይ አውቶማቲኩ ብሬክ ለዚህ የሚሠራው ከ90 ኖት በላይ ነው፤ ከዚያ በታች አብራሪው ራሱ በእግሩ መርገጥ አለበት።

እ.ኤ.አ. ጥር 13 ቀን 2023 በኒው ዮርክ ጆን ኤፍ. ኬኔዲ አየር ማረፊያ፣ ለመነሳት እየሮጠ የነበረ የዴልታ አየር መንገድ 737 ፍጥነቱ 100 ኖት ገደማ ሲደርስ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው የመነሻ ፈቃዱን ሰረዘበት። ከፊቱ የአሜሪካን አየር መንገድ 777 መንደርደሪያውን እያቋረጠ ነበር። የማማው የመሬት ራዳር ሥርዓት አስጠንቅቆ፣ ተቆጣጣሪው ፈጥኖ ጠርቶ፣ አብራሪዎቹም ሳያቅማሙ ስላቆሙ ሁሉም ተረፈ።

ጥያቄ፦ ሌላው አውሮፕላን እንዴት ሊገባ ቻለ?

መልስ፦ በኒው ዮርኩ አጋጣሚ 777ቱ እንዲያቋርጥ የተፈቀደለት ሌላ መንደርደሪያ ነበር፤ ተሳስቶ ወደዚህኛው ገባ። ከመንደርደሪያ መግቢያ በፊት መሬቱ ላይ አራት ቢጫ መስመሮች አሉ፣ ሁለቱ ያልተቆራረጡ ሁለቱ የተቆራረጡ። ያልተቆራረጡት በእርስዎ በኩል ከሆኑ ያለ ፈቃድ አያልፏቸውም። የፈቃዱን ቃል ለተቆጣጣሪው መልሶ መድገምም ግዴታ ነው፤ የሰማኸው የተባለውን መሆኑ የሚረጋገጠው በዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በስፔን ቴነሪፌ ደሴት ላይ ሁለት ቦይንግ 747ዎች ተጋጭተው 583 ሰው ካለቀ በኋላ «መነሳት» የሚለው ቃል በሬዲዮ የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ ወይም ሲሰረዝ ብቻ እንዲነገር ተደርጓል።

ጥያቄ፦ ተሳፋሪው ምን ያድርግ?

መልስ፦ ቀበቶውን ሳይፈታ ይቀመጥ፣ የበረራ አስተናጋጆቹን ቃል ይጠብቅ። የጋሉት ጎማዎች ባሉበት በኩል በራሱ ውሳኔ መውጣት በቆመው አውሮፕላን ውስጥ ከመቆየት ይልቅ ይጎዳዋል።