ከጎናችሁ ያለው አልጋ

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ተመድባችሁ፣ ሻንጣችሁን ይዛችሁ ከማታውቁት ልጅ ጋር አንድ ክፍል ለምትገቡት ነው። እኔ ጡረተኛ ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዳኝነት ሲሆን ስለ ፍርድ የማውቀውን ትልቁን ነገር የተማርኩት ግን ችሎት ከመቀመጤ ብዙ ዓመት ቀድሞ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ነው።

በመስከረም 1957 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ መጥቼ ጀነራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ክፍል ገባሁ። ኦርድ ዊንጌት በ1933 ዓ.ም. ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር በጎጃም በኩል የገባው የጌዴዎን ጦር አዛዥ ነው። አባቴ ያ ጦር ደብረ ማርቆስ ሲገባ በዓይኑ አይቷልና የትምህርት ቤቱን ስም የሚጠራው ቀና ብሎ ነበር። አገሪቱ በ14 ጠቅላይ ግዛት ተከፍላ በነበረችበት በዚያን ዘመን እስከ 12ኛ ክፍል የሚያስተምር ከተማ በጣት የሚቆጠር ነበር። ስለዚህ እንደ ዊንጌትና እንደ ኮተቤው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ከየአቅጣጫው የመጣውን ልጅ አንድ ጣራ ሥር ያሳድሩት ነበር።

በእኛ መኝታ ቤት ሃያ የብረት አልጋ በሁለት ረድፍ ተደርድሯል። በየአልጋው ሥር የቆርቆሮ ሣጥን፣ በየሣጥኑ ውስጥ የቤት ሽታ አለ፤ በሶ፣ ጭኮ፣ ዳቦ ቆሎ። መብራት ከጠፋ በኋላ የአንዱ ሣጥን ቁልፍ ቀጭ ሲል ሃያችንም እንሰማለን። ዳቦ ቆሎ ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ የሚበሉት ነገር አይደለም፤ የከፈተ ሁሉ ያካፍላል። ጭብጥ ጭብጡ በጨለማ ከእጅ ወደ እጅ እያለፈ እስከ መጨረሻው አልጋ ይደርስ ነበር።

ከእኔ ቀጥሎ የሚተኛው ከጨንቻ የመጣ ልጅ ነበር። አባቱ የሸመነለት ቡሉኮ ነበረው፤ ወፍራም፣ ሲታጠፍ የአንድ ሰው ሸክም የሚሆን። ኅዳር ላይ፣ ብርዱ በበረታበት ሰሞን፣ ወባ ተነሣብኝና ሌሊቱን ስንቀጠቀጥ አደርኩ። ጠዋት ስነቃ ቡሉኮው እኔ ላይ ነው። እርሱ ኮቱን እንደ ለበሰ ጉልበቱን አቅፎ ተኝቷል።

ጥር ላይ እናቴ የላከችልኝ አራት ብር ጠፋ። ሣጥኔን ገለበጥኩ፣ ፍራሹን አነሣሁ፣ ከዚያም በሁለቱ ረድፍ መካከል ቆሜ የዚያን ልጅ ስም ጠራሁ። ማስረጃዬ አልጋው ከአልጋዬ አጠገብ መሆኑ ብቻ ነበር። አማርኛው ገና አልቀናም ነበርና ለመመለስ ቃል ሲፈልግ እኛ መንተባተቡን እንደ ማመን ቆጠርነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ዳቦ ቆሎው እርሱን እየዘለለ ያልፍ ጀመር። እርሱም አልጋውን አንድ ክንድ ያህል ከአልጋዬ አራቀ።

ሰኔ ላይ ለክረምት ጓዜን ሳሰናዳ ካፖርቴ ውስጥ የሆነ ነገር ኮሽ አለብኝ። አራቱ ብር በተቀደደው ኪስ ሾልኮ ገበሩ ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ሌሎቹ እራት ላይ ነበሩ። ሄጄ ጆሮው ሥር “ማረኝ፣ ገንዘቡን አገኘሁት” አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና “ለእነርሱስ?” አለኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። በነጋታው ሁሉም በየአውቶቡሱ ተበተነ። መስከረም ስንመለስ የተመደብነው በተለያየ መኝታ ቤት ስለነበር፣ ነገሩ ተረስቷል ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

እናንተ ዛሬ በስልካችሁ ስንት ሺህ ሰው ፊት እንደምትናገሩ ሳስብ እፈራላችኋለሁ። ዕቃ ሲጠፋባችሁ መጀመሪያ የራሳችሁን ልብስ ገበር ዳብሱ። የጠረጠራችሁትን ለብቻው ጠይቁት፤ በቋንቋችሁ ሲደናቀፍም ታገሡት። በሃያ ሰው ፊት ከሳችሁ በሹክሹክታ ይቅርታ የጠየቃችሁ እንደሆነ ግን ዕዳው አልተከፈለም፤ አሥራ ዘጠኙ ጋ አለ። በዳኝነት ዘመኔ በአስተርጓሚ የሚናገር ተከሳሽ ፊቴ በቆመ ቁጥር ያ ልጅ ይመጣብኝ ነበር። ዝም ሲል አልቸኩልም፤ እጠብቃለሁ።

ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ የቀድሞ ተማሪዎች ለእራት ተሰባሰብን። የጨንቻው ልጅ አልነበረም። ከመኝታ ቤታችን የነበረ አንድ ሽማግሌ አቅፎ ሳመኝና፣ ጨዋታ ባነሣ ብሎ፣ “ያ ገንዘብህን የሰረቀህ ልጅ የት ደረሰ?” አለኝ።

“አልሰረቀኝም፤ ካፖርቴ ገበር ውስጥ ነበር” አልኩት።

ጆሮው ደክሟልና አልሰማኝም። ተነሥቼ ቆምኩና ጮክ ብዬ ደገምኩት። በጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ወደ እኔ ዞሩ፤ የልጁንም ስም ከነአባቱ ጠርቼ ከጥር ጀምሬ ነገርኳቸው።