የፎቶ አንሺዎች ጥያቄና መልስ፦ ብዥ ያለ ጣሪያ፣ ያገለገለ ካሜራና የክረምት ሻጋታ

ጥምቀት ሲቃረብ ወደዚህ ዓምድ የሚላኩ ደብዳቤዎች ይበዛሉ። ከጎንደርና ከአካባቢዋ ከደረሱን መካከል ብዙዎችን ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠን፣ የጠያቂዎቹን ስም ሳንጠቅስ፣ እንደሚከተለው መልሰናል።

ጥያቄ፦ በማራኪ አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። ከ18–55 ሚሊ ሜትር ሌንሱ ጋር የገዛሁት ካኖን ካሜራ አለኝ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ውስጥ አስፈቅጄ የጣሪያውን የመላእክት ሥዕል ሳነሣ ፎቶዎቹ ሁሉ ብዥ ይሉብኛል። በማለዳ በቅጥሩ ዙሪያ የሚቀመጡትን አረጋውያን ሳነሣም እንዲሁ ነው። አንድ የማውቀው ሰው «ሜጋፒክሰሉ አንሶ ነው፤ ካሜራውን ለውጪው» አለኝ። ልለውጠው?

መልስ፦ አይለውጡት። ሜጋፒክሰል የሚወስነው ፎቶው ምን ያህል ተለቅ ተደርጎ ሊታተም እንደሚችል ነው፤ ብርሃን ባነሰበት ቦታ የሚነሣን ፎቶ ብዥ ከማለት አያድነውም። የእርስዎን ፎቶ ያበላሸው ካሜራው በቂ ብርሃን ለማግኘት ሲል መዝጊያውን ረዘም ላለ ጊዜ ከፍቶ መቆየቱና በዚያች ቅጽበት እጅዎ መንቀሳቀሱ ነው።

በሌንስዎ አፍ ዙሪያ ከተጻፉት ቁጥሮች መካከል 3.5–5.6 የሚለውን ይመልከቱ። ይህ ቁጥር ባነሰ መጠን የሌንሱ መክፈቻ ይሰፋል፤ የሚገባው ብርሃንም ይጨምራል። የእርስዎ ሌንስ 18 ላይ ሲሆን እስከ 3.5 ድረስ ይከፈታል፤ ሥዕሉን ለማቅረብ ብለው ወደ 55 ሲወስዱት ግን ከ5.6 በላይ ሊከፈት አይችልም፤ በዚህም የሚገባው ብርሃን ከግማሽ በታች ይወርዳል። የእጅ መንቀጥቀጥ ደግሞ በዙም ጎልቶ ስለሚታይ ጉዳቱ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ለጣሪያው ሲሉ ምንም ነገር ከመግዛትዎ በፊት ሌንሱን 18 ላይ ይተዉት፤ በሌንሱ ጎን መንቀጥቀጥን የሚቀንሰው ማብሪያ ካለ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት የሚወስነውን አይኤስኦ 1600 ወይም 3200 ያድርጉ። ግድግዳው እንደ ጣሪያው በሥዕል የተሸፈነ ስለሆነ በፍጹም አይደገፉት፤ ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ከዚህም የተሻለ ዘዴ አለ። ከካህናቱ ፈቃድ ካገኙ ነጠላዎን አጣጥፈው ወለሉ ላይ ያንጥፉ፤ ካሜራውን በጀርባው አስተኝተው ሌንሱን ወደ ጣሪያው ያዙሩት፤ ራሱ እንዲያነሣ በ2 ሰከንድ ቀጥረው እጅዎን ያንሡ። መላእክቱ ስለማይንቀሳቀሱ፣ ካሜራውም ስለማይነቃነቅ፣ መዝጊያው አንድ ሙሉ ሰከንድ ቢከፈት እንኳ የክንፎቻቸው መስመር ጥርት ብሎ ይወጣል፤ አይኤስኦውንም ወደ 400 ዝቅ ማድረግ ስለሚቻል ቀለሙ አይሻክርም። ብዙ ሰው ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) የሚገዛው ይህን አንድ ነጠላ የሚሠራውን ሥራ ለማሠራት ነው።

ፍላሹን ግን ያጥፉት። ከካሜራው ጋር ተሠርቶ የሚመጣው ትንሹ ፍላሽ በአይኤስኦ 100 ከ3 ወይም ከ4 ሜትር ብዙ ስለማያልፍ ለጣሪያው የሚፈይደው ነገር የለም። በ1880 ዓ.ም. ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ በተረፈው በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሚጸልይን ሰው ዓይን ማስጨነቅም ተገቢ አይደለም።

የአረጋውያኑ ነገር ይለያል፤ ሰው ይንቀሳቀሳልና ነጠላም ትራይፖድም አይረዳም። ገንዘብ ማውጣት የሚኖርብዎ እዚህ ላይ ነው። ዙም የሌለው፣ እስከ 1.8 የሚከፈት 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ከአዳዲስ ሌንሶች ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት አንዱ ሲሆን፣ ከ5.6 ጋር ሲነጻጸር ወደ 10 እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ያስገባል። ይህም ማለት ካሜራዎ በሰከንድ 1/20ኛ ያነሣው የነበረውን ፊት በ1/200ኛ ያነሣዋል ማለት ነው። ነገር ግን የእርስዎን በመሳሰሉ አነስተኛ ሴንሰር (በካሜራው ውስጥ ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) ባላቸው ካሜራዎች ላይ 50ው በጣም ያቀርባል፤ ከ4 ሜትር ርቀት ላይ ሲያነሡ በፎቶው ውስጥ የሚገባው ስፋት 2 ሜትር እንኳ አይሞላም። ለፊት ግሩም ነው፤ ለጣሪያው ግን አይሆንም።

ኒኮን ለያዙ አንባቢዎች አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ዲ 3000ዎቹና ዲ 5000ዎቹ ተከታታይ ካሜራዎች በውስጣቸው የፎከስ ሞተር የላቸውም። በርካሽ የሚገኘው አሮጌው 50 ሚሊ ሜትር 1.8 ዲ ሌንስ እነዚህ ካሜራዎች ላይ ቢገጠምም በራሱ ፎከስ ስለማያደርግ፣ ሞተሩን በራሱ የያዘውን 1.8 ጂ የሚለውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ የምጽፍ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሠርግ ያነሣ ከነበረ ሰው ያገለገለ ካሜራ ልገዛ ነው። ከላይ ሲያዩት አዲስ ይመስላል። ምን ልይ?

መልስ፦ ከላይ የሚታየውን ይርሱት፤ ውጩን በጨርቅና በአልኮል ማሳመር የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የካሜራ ዕድሜ የሚቆጠረው መዝጊያው በተከፈተበትና በተዘጋበት ብዛት ነው። ለጀማሪዎች ተብለው የሚሠሩ ካሜራዎች መዝጊያ በአብዛኛው ለ100,000 ያህል ፎቶ የተሠራ ነው። በአንድ ሠርግ 1,500 ፎቶ የሚያነሣ ሰው 67ኛው ሠርግ ላይ እዚያ ይደርሳል ማለት ነው። ቁጥሩ ሲሞላ ካሜራው ወዲያው ይቆማል ማለት ባይሆንም ዋጋውን ግን ሊያወርደው ይገባል። በኒኮን ካሜራዎች ቁጥሩ ከእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ጋር ተጽፎ ስለሚቀመጥ ፎቶ አንሥተው በኮምፒውተር ማንበብ ይችላሉ፤ በብዙዎቹ የካኖን ካሜራዎች ግን ካሜራውን በገመድ ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም ያስፈልጋል።

ቀጠሮውን በጠራራ ፀሐይ ያድርጉት፤ ማታ ካፌ ውስጥ የሚገዛ ካሜራ ሁሉ ደህና ይመስላል። የራስዎን ሚሞሪ ካርድና የእጅ ስልክዎን ይዘው ይሂዱ። ሌንሱን ከካሜራው ላይ አውልቀው በአንድ በኩል የስልክዎን መብራት እያበሩ በሌላው በኩል ይመልከቱ። በውስጡ ጥቂት የአቧራ ቅንጣቶች ቢታዩ ችግር የለውም፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ቀጭን ክር ካዩ ግን ሻጋታ ነውና ሌንሱን ይተዉት። ቀጥሎ ሌንሱን ገጥመው መክፈቻውን 16 ላይ ያድርጉና ነጭ ግድግዳ ወይም ደመና የሌለበት ሰማይ ያንሡ። በተለያዩ ፎቶዎች ላይ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ጥቁር ነጥብ ሴንሰሩ ላይ ያረፈ አቧራ ነው፤ ይጸዳል። ከዚያ ክዳኑን ከድነው ለ10 ሰከንድ ያንሡ፤ እዚህም እዚያም ጥቂት ነጠብጣቦች ቢታዩ የተለመደ ነው፤ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ መስመር ካለ ግን ሴንሰሩ ተጎድቷል።

የዊንጮቹን ራስ ይመልከቱ፤ ከተፋቁ ካሜራው ተከፍቷል። ባትሪውን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው በጣት ሲገፉት እንደ እንዝርት ከዞረ አብጧልና ዋጋው ላይ የአዲስ ባትሪ ሂሳብ ይቀነስ። በመጨረሻም የካሜራው መለያ ቁጥር ከካርቶኑ ወይም ከደረሰኙ ጋር መመሳሰሉን ሳያዩ ብር አያውጡ። ሻጩ ይህን ሁሉ እስኪያዩ ድረስ መታገሥ ካልቻለ ትዕግሥት ማጣቱ ራሱ መልስ ነው።

ጥያቄ፦ የፒያሳ ልጅ ነኝ። ዘንድሮ ከተራንና ጥምቀትን በራሴ ካሜራ ላነሣ ነው። አምና ጓደኛዬ ከነሙሉ ቦርሳው ሄዶ አንዱ ሌንሱ ውኃ ገባበት። ምን ምን ልያዝ?

መልስ፦ ከቦርሳው ይልቅ የሚተዉትን ያስቡ። ጥር 10 ከሰዓት በኋላ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ መንገዱ አቧራ ነው፤ ጥር 11 ጠዋት ውኃው ከተባረከ በኋላ ደግሞ ከገንዳው ውጭ የቆመውም ሰው ይረጫል። አቧራም ሆነ ውኃ ወደ ካሜራው በቀላሉ የሚገባው ሌንስ ሲቀየር ነውና አንድ ካሜራ ከአንድ ዙም ሌንስ ጋር ይያዙ፤ እስኪመለሱም አያውልቁት። 18–135ን የመሰለ ረዘም ያለ ሌንስ በውሰት ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘም 18–55ው ያለ ሃፍረት ያሠራል። ከሱቅ የሚሰጥ ወፈር ያለ ፌስታል ታችኛውን ጥግ ቀደው ሌንሱን ያሳልፉበትና በላስቲክ ይሰሩት፤ የሌንሱ አፍ ብቻ ክፍት ይሁን። ትራይፖድ ግን ቤት ይቅር፤ በዚያ ሕዝብ መካከል ሦስት እግር መዘርጋት ሰው መጥለፍ ነው።

ሌንሱ ላይ አቧራ ሲያርፍ በነጠላ ጫፍ መጥረግ የብዙዎቻችን ልማድ ነው፤ አሸዋውን በመስተዋቱ ላይ መፈግፈግ መሆኑን ግን እንዘነጋለን። መጀመሪያ አቧራውን ማራገፍ፣ ከዚያ በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ ይገባል። የካሜራ ማራገፊያ ካጡ ከፋርማሲ የሚገዛው ባለ ጎማ የጆሮ ማጠቢያ፣ አዲስና ደረቅ ከሆነ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ወደ ውኃው የሚዘሉትን ወጣቶች አየር ላይ ለማስቀረት የመዝጊያው ፍጥነት ከ1/1000ኛ አይነስ። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ፎቶውን ሲሞላው ደግሞ ካሜራው ቦታው ከልክ በላይ የበራ ስለሚመስለው ያጨልመዋል፤ የሰዉም ፊት ይጠቁራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ተጭነው ወደ መደመሩ ከግማሽ እስከ አንድ ያህል ከፍ ያድርጉት።

ካርድን በተመለከተ ከአንድ ባለ 64 ጊጋባይት ይልቅ ሁለት ባለ 32 ይሻላሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። ይህን የምለው በራሴ ከደረሰ ነገር ተነሥቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ ሱቅ «128 ጊጋባይት» ተብሎ የተጻፈበት ካርድ ገዛሁ፤ ካሜራው ተቀበለው፤ ቀኑን ሙሉ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ማታ ኮምፒውተር ላይ ስከፍተው ግን ከመጀመሪያዎቹ 8 ጊጋባይት በኋላ ያለው ሁሉ አመድማ ሰሌዳ ብቻ ነበር። ካርዱ ስሙን እንጂ ስፋቱን አልያዘም። ከዚያ ወዲህ የገዛሁትን ካርድ ሁሉ ቤት ውስጥ በቪዲዮ ጢም አድርጌ ሞልቼ የመጨረሻው ቪዲዮ መታየቱን ሳላረጋግጥ ከቤት ይዤው አልወጣም።

ጥያቄ፦ ሌንሴ ክረምቱን በቆዳ ቦርሳው ውስጥ ቁምሳጥን ከርሞ በመስከረም ሳወጣው በውስጡ ነጭ ክር መሰል ነገር በቅሎበታል። ይጠፋል?

መልስ፦ ሻጋታ ነው። በራሱ አይጠፋም፤ ሌንሱን ፈትቶ የሚያጸዳ ባለሙያ ካገኙ ሊለቅ ይችላል፤ ከቆየ ግን የመስተዋቱን ሽፋን ይበላውና ጠባሳው ይቀራል። እስከዚያው ከሌሎቹ ሌንሶች ለይተው ያስቀምጡት። ሻጋታ የሚወደው ከ60 በመቶ በላይ የሆነ እርጥበት፣ ጨለማና ያልተንቀሳቀሰ አየር ሲሆን፣ ቆዳ ቦርሳ በክረምት ሦስቱንም አሟልቶ ይሰጠዋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ካሜራዎን ክዳኑ ግጥም በሚል የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ውስጥ፣ ከሲሊካ ጄል ፍሬዎች ጋር ያስቀምጡ። ቀለም የሚቀይረው ዓይነት ይመረጣል፤ እርጥበት ጠጥቶ ቀለሙ ሲለወጥ ፍሬዎቹን ኦቭን ውስጥ በ120 ዲግሪ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ማድረቅና እንደገና መጠቀም ይቻላል። ሩዝ የሚያስቀምጡ አሉ፤ ዱቄቱ ካሜራውን ከማቆሸሽ በቀር ብዙም አይረዳም። ሁሉንም የሚበልጠው ግን ካሜራውን በየሳምንቱ አውጥቶ መጠቀም ነው።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰሜን ተራሮች ልንወጣ ነው። ጭላዳና ዋልያ ለማንሣት ምን ያስፈልጋል? ባትሪስ የት እንሞላለን?

መልስ፦ ጭላዳዎቹ ሰው ስለለመዱ 55ውም ያደርሳል፤ ዋልያ ገደል ላይ ስለሚውል 250 ወይም 300 ሚሊ ሜትር ይፈልጋል። ባትሪዎን ደባርቅ ላይ ሞልተው ይውጡ። ጨነቅን በመሰለ ከ3,500 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ የሌሊቱ ብርድ የባትሪን ጉልበት ስለሚቀንስ ትርፉን ባትሪ ቦርሳ ውስጥ አይተዉት፤ ሌሊት ከብርድ ልብሱ ውስጥ፣ ቀን በደረት ኪስዎ ይያዙት። አለቀ ያሉት ባትሪ ሲሞቅ ጥቂት ፎቶ ሊጨምርልዎ ይችላል። በዩኤስቢ የሚሠራ ቻርጀርና ፓወር ባንክ፣ መብራት በሚጠፋበት ቀን ከተማም ውስጥ ያገለግላል። በአውሮፕላን የምትመጡ ደግሞ ትርፍ ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድምና በእጅ ሻንጣ ያዙት።

ጥያቄ፦ ሌንስ አፍ ላይ የሚገጠመው ዩቪ ፊልተር ያስፈልጋል? ሻጩ «ያለሱ አይሆንም» አለኝ።

መልስ፦ ይሆናል። ፎቶውን አያሳምረውም፤ ሥራው መስተዋቱን ከጭረት መጠበቅ ብቻ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ማታ የመብራት ጥላ ያመጣል። ሰማዩን የሚያደምቀውና የቅጠልን ነጸብራቅ የሚቀንሰው ፖላራይዘር የሚባለው ነው፤ ፀሐይ በጎንዎ ስትሆን በደንብ ይሠራል። የትኛውንም ቢገዙ ልኩ ከሌንሱ ጋር መግጠም አለበት፤ 49፣ 52፣ 55 ወይም 58 የሚለው ቁጥር በሌንሱ አፍ ዙሪያ ወይም በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ፣ በሰያፍ መስመር ከተሰረዘች ክብ ምልክት አጠገብ ይገኛል።