መልስ፦ ክላዲንግ የለበሰ ግድግዳ በክረምት ለምን ይረጥባል?

የታችኛውን ጠርዝ በሲሊኮን ላስደፍነው ወይ ብለው ለጠየቁት፣ አያስደፍኑት። የደብረ ብርሃኑ ቤትዎ ክላዲንግ (በግድግዳው ላይ ከውጭ የሚገጠም ሽፋን) ከለበሰ ወዲህ የውስጡ ልስን በክረምት የሚረጥበው፣ እንደገለጹት ጠርዙ ሁሉ ከተዘጋ፣ ከሽፋኑ ጀርባ የገባው ውሃ መውጫ አጥቶ ሊሆን ይችላል።

የውጭው ሽፋን አብዛኛውን ዝናብ ይመልሳል እንጂ ሁሉንም አያስቀርም፤ በመጋጠሚያው የሚሾልከውን ውሃ፣ በሽፋኑና በብሎኬቱ መካከል የሚተወው 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ባዶ ቦታ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ከላይና ከታች ክፍት ከሆነም የሚዘዋወረው አየር የቀረውን እርጥበት ያደርቀዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ጠርዝ ያስከፍቱ፣ ነፍሳት እንዳይገቡም ወንፊት ያስደርጉበት። ብሎኬቱ ራሱ ውሃ በማያሳልፍ ነገር ካልተሸፈነ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

እኔ ባሠራሁት ቤት ክፍተቱ በትክክል ተትቶ ሳለ፣ በሥራ ላይ የወደቀ የሲሚንቶ ፍርፋሪ መውጫውን ደፍኖት ሐምሌ ላይ ልስኑ ተላጠ። የመጨረሻው ሽፋን ከመገጠሙ በፊት ከላይ ውሃ አስፈስሰው ከታች መውጣቱን በዓይንዎ ይመልከቱ።