ኤክስትራክቱ ሴሉን ጠበቀው ወይስ ፐርኦክሳይዱን ዌሉ ውስጥ ጨረሰው?

ሰላም ለሁላችሁ። የተለጠፈው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ የአንድ የመድኃኒት ተክል ቅጠል በ80% ሜታኖል ተዘፍዝፎ የወጣ ኤክስትራክት፣ ከእትብት ደም ሥር በተወሰዱ የውስጠኛ ግድግዳ ሴሎች (ሁቬክ) ላይ በፕሌት ዌሎች (ትናንሽ ጉድጓዶች) ውስጥ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ (ሴልን በኦክሲዴሽን ከሚጎዳ ኬሚካል) ጋር አንድ ላይ ተጨመረ። በኤምቲቲ (ሕያው ሴሎች ሐምራዊ በሚያደርጉት ቀለም) ሲለካ በሕይወት የቀሩት ሴሎች ከ50% ወደ 85% ከፍ አሉ። የዲፒፒኤች (ያለ ሴል የሚደረግ የአንቲኦክሲዳንት የቀለም ፈተና) ውጤቱም ጥሩ ነው። «ታዲያ ተክሉ የደም ሥር ሴሎችን ከኦክሲዴሽን ጉዳት ይጠብቃል ብለን መጻፍ እንችላለን?»

በዚህ መረጃ ብቻ አትችሉም። ውጤቱ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ያንኑ 85% የሚሰጡ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ መንገዶች አሉ። ሴሉ በእርግጥ ራሱን መከላከል ችሎ ሊሆን ይችላል። ወይም ኤክስትራክቱ ፐርኦክሳይዱን ሴሉ ዘንድ ሳይደርስ ሚዲየሙ (ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ) ውስጥ አጥፍቶት ይሆናል። ወይም ደግሞ ሴሎቹ ሞተው ሳለ ኤክስትራክቱ ራሱ ኤምቲቲን ሐምራዊ አድርጎት ይሆናል። ሁለቱ ነገሮች አንድ ላይ እስከተጨመሩ ድረስ ሦስቱን መለየት አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ሴሎቹን ከኤክስትራክቱ ጋር ከ12 እስከ 24 ሰዓት አቆዩ፤ ከዚያ ሚዲየሙን ምጠጡና ሞቅ ባለ ፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) ሁለት ጊዜ እጠቡ፤ በመጨረሻም ኤክስትራክት በሌለበት አዲስ ሚዲየም ፐርኦክሳይዱን ስጡ። ፒቢኤሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም ያለበት ይሁን። ያለ እነሱ እነዚህ ሴሎች ከፕሌቱ መላቀቅ ስለሚጀምሩ፣ በእጥበት የጠፋው ሴል በፐርኦክሳይድ የሞተ መስሎ ይቆጠራል። ከእጥበቱ በኋላም ጥበቃው ካልጠፋ፣ ነገሩ በሴሉ ውስጥ ነው ብሎ መከራከር ይቻላል። ከጠፋ ያያችሁት የሚዲየም ኬሚስትሪ ነበር።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው በፐርኦክሳይዱ አያያዝ ነው። የ30% ጠርሙስ አዲስ ሲሆን 9.8 ሞላር ገደማ ነው፤ ተከፍቶ ሲቆይ ግን ይደክማል። መለያው ላይ የተጻፈውን አትመኑ፣ ለኩ። 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 10.2 ማይክሮ ሊትር ብትጨምሩ 10 ሚሊሞላር ሊሆን ይገባል። በ240 ናኖሜትር፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ኪዩቬት፣ በ43.6 ኮኤፊሸንት ሲሰላ አብዞርባንሱ (የብርሃን መዋጥ ልኩ) 0.436 አካባቢ ይመጣል። ኪዩቬቱ ኳርትዝ ይሁን፤ ተራ ብርጭቆና ተራ ፕላስቲክ በዚህ የሞገድ ርዝመት ብርሃኑን ራሳቸው ይውጡታል። የቀጠነውን በዚያው ሰዓት ተጠቀሙበት፤ ለነገ አይቀመጥም።

ቀጥሎ የሚዲየሙን ጠርሙስ አንብቡ። ብዙዎቹ የዲኤምኢኤም (የተለመደ የሴል ማሳደጊያ ሚዲየም) ዓይነቶች 1 ሚሊሞላር ሶዲየም ፓይሩቬት አላቸው፤ ፓይሩቬት ደግሞ ከፐርኦክሳይድ ጋር አንድ ለአንድ ይጣመርና ያጠፋዋል። 500 ማይክሮሞላር ሰጥታችሁ ሴሎቹ ምንም ካልሆኑ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ እዚህ ነው። ሚዲየሙ ላይ የሚጨመረው ሴረምም (የደም ፈሳሽ ክፍል) ፐርኦክሳይድን ይቀንሳል፤ ስለዚህ በተጋላጭነቱ ሰዓት የሴረሙ መጠን በሁሉም ዌሎች እኩል ይሁን፣ ከ1 እስከ 2% ከሆነ የተሻለ ነው።

ኮንሰንትሬሽን ብቻውን ዶዝ አይደለም። በ100 ማይክሮ ሊትር ውስጥ ያለ 200 ማይክሮሞላር 20 ናኖሞል ነው፤ ዌሉ 10,000 ሴል ካለው ለእያንዳንዱ ሴል 2 ፒኮሞል ይደርሰዋል። ሴሎቹ 20,000 ቢሆኑ ድርሻው ግማሽ ይሆናል፣ ሴሎቹም ፐርኦክሳይዱን ተጋግዘው ይጨርሱታል። ኤክስትራክቱ በ24 ሰዓቱ ሴሎቹን ትንሽ ቢያበዛ እንኳ ይህ ራሱ «ጥበቃ» ይመስላል። ስለዚህ ፐርኦክሳይድ ያልነካቸው፣ ኤክስትራክት ብቻ ያገኙ ዌሎች የግድ ያስፈልጋሉ፤ የሴል ቁጥሩም ፐርኦክሳይድ ከመጨመሩ በፊት ይለካ። ለመነሻ 50፣ 100፣ 200፣ 400 እና 800 ማይክሮሞላር ሞክሩና ከ40 እስከ 50% የሚገድለውን ምረጡ። 95% የሚገድል ዶዝ ላይ ማንም ተክል አያድንም፤ 10% የሚገድል ላይ ደግሞ ልዩነቱ ከስህተቱ አይለይም። ይህን የዶዝ ኩርባ ለእያንዳንዱ የሴል ባች ድገሙት። ሁቬክን ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ፓሴጅ (ሴሎቹ ወደ አዲስ ዕቃ የተዛወሩበት ዙር) ባለው ጊዜ ተጠቀሙ፤ ከዚያ ወዲያ ያረጃሉ፣ ለፐርኦክሳይድ የሚሰጡት ምላሽም ይለወጣል። የፕሌቱ ዳር ዌሎች ስለሚተኑ በንጹህ ውሃ ሞልታችሁ ተዉአቸው።

ወደ ኤምቲቲ ስንመጣ፣ ፖሊፌኖሎችና ቫይታሚን ሲ ያለ ምንም ሴል ቀለሙን ይቀይሩታል። ሴል የሌለበት ዌል ውስጥ ኤክስትራክትና 0.5 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር ኤምቲቲ ጨምራችሁ 3 ሰዓት አቆዩ፤ ሐምራዊ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ከኤምቲቲ በፊት ማጠብ ይረዳል፤ እኔ ግን ሌላ መርህ ያለው ሁለተኛ መለኪያ ሳይኖር ውጤቱን አልቀበልም፤ ኤልዲኤች (ከተጎዳ ሴል የሚፈስ ኢንዛይም) ወይም ክሪስታል ቫዮሌት (ተጣብቀው የቀሩ ሴሎችን የሚያቀልም) ይጨመር። ሬሳዙሪን የተባለው ቀለም ከኤምቲቲ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ስላለበት ማረጋገጫ አይሆንም። ኤልዲኤች ከመረጣችሁ ታኒኖች ኢንዛይሙን ሊያዳክሙት ስለሚችሉ፣ ሆን ተብሎ በፈረሰ ሴል ላይ ኤክስትራክቱን ጨምራችሁ ንባቡ መውረድ አለመውረዱን እዩ።

ብዙዎች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፦ ካቴኪኖችና ጋሊክ አሲድን የመሰሉ ፖሊፌኖሎች በ37 ዲግሪ፣ በባይካርቦኔት ሚዲየም ውስጥ ራሳቸው ኦክሲዳይዝ እየሆኑ ፐርኦክሳይድ ያመነጫሉ። ይህ መጠነኛ ፐርኦክሳይድ ሴሉን ቀስቅሶ ኤንአርኤፍ2ን (የመከላከያ ጂኖችን የሚያበራ ፕሮቲን) ሊያነቃ፣ ኤችኦ-1ን (ከመከላከያ ኢንዛይሞቹ አንዱን) ሊያስጨምር ይችላል፤ ከዚያ በኋላ የምትሰጡትን ትልቅ ዶዝ ሴሉ ይቋቋማል። ወረቀቱ ላይ ሲታይ የሚያምር የመከላከያ መንገድ ነው፤ በሰውነት ውስጥ ግን ያ የፕሌት ኬሚስትሪ ላይኖር ይችላል። ይህን የሚለየው ካታሌዝ (ፐርኦክሳይድን የሚያፈርስ ኢንዛይም) ነው። በ24 ሰዓቱ ቅድመ ቆይታ ከኤክስትራክቱ ጋር በሚሊ ሊትር ከ100 እስከ 200 ዩኒት ካታሌዝ የተጨመረባቸው ዌሎች ይኑሩ፤ ካታሌዙን አጥባችሁ ካስወገዳችሁ በኋላ ፐርኦክሳይዱን ስጡ። ካታሌዝ ባለበት ጥበቃው ከጠፋ፣ ቀስቃሹ ከውጭ የተመረተው ፐርኦክሳይድ ነበር። ካልጠፋ በጣም ጠንካራ ነጥብ አገኛችሁ። በዚያን ጊዜ ኤንአርኤፍ2ን በሳይአርኤንኤ (የአንድን ጂን ሥራ በሚያስቆም አጭር አርኤንኤ) ዝም አሰኝቶ ጥበቃው መቅረቱን ማየት ተገቢ ነው፤ የፕሮቲኑ መጨመር ብቻውን ምክንያት መሆኑን አያሳይም።

የዲሲኤፍኤች-ዲኤ (በሴል ውስጥ ኦክሲዳይዝ ሲሆን የሚያበራ ቀለም) ምስል ለመጨመር ካሰባችሁ፣ 10 ማይክሮሞላር፣ 30 ደቂቃ፣ ያለ ሴረም፣ በጨለማ፣ ከዚያም እጥበት። ቀለሙ በቀጥታ ከፐርኦክሳይድ ጋር አይሠራም፤ ብረት ወይም ፐርኦክሲዴዝ ይፈልጋል። ስለዚህ «ፐርኦክሳይድ ቀነሰ» ሳይሆን «የዲሲኤፍ ምልክት ቀነሰ» ብላችሁ ጻፉ። ቀለም ያለው ኤክስትራክት ብርሃኑን ሊያደበዝዝ እንደሚችልም አትርሱ። ዲፒፒኤችን በተመለከተ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀሱትና እለፉ፤ በሜታኖል ውስጥ ያለ የቀለም ለውጥ ስለ ደም ሥር ምንም አይናገርም።

ኤክስትራክቱን ስታሟሙ 100 ሚሊ ግራም በሚሊ ሊትር በዲኤምኤስኦ (በማሟሚያ ፈሳሽ) አዘጋጁ፤ አንድ ሺህ ጊዜ ሲቀጥን 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትርና 0.1% ዲኤምኤስኦ ይሆናል። ዲኤምኤስኦ ራሱ የሃይድሮክሲል ራዲካል አጥፊ ስለሆነ ያልታከሙትን ጨምሮ ሁሉም ዌሎች እኩል 0.1% ይያዙ። ሲጣራ የሴሉሎስ አሲቴት ፊልተር በዲኤምኤስኦ ይሟሟል፤ ፒቲኤፍኢ ተጠቀሙ። ሚዲየም ውስጥ ከገባ በኋላም ዝቃጭ አለመኖሩን በማይክሮስኮፕ እዩ። የኢንዶቶክሲን (የባክቴሪያ ግድግዳ መርዝ) ምርመራም ይታከል፤ እነዚህ ሴሎች ለባክቴሪያ ቅሪት በጣም ንቁ ናቸው። ለማነጻጸሪያ የታወቀው አንቲኦክሲዳንት ኤን-አሲቲልሲስቴይን ከ1 እስከ 5 ሚሊሞላር ጥሩ ነው፤ አሲድ ስለሆነ ግን ፒኤቹ ወደ 7.4 ሳይስተካከል አይጨመር።

በአንድ ፕሌት ላይ ያሉ ሦስት ዌሎች ሦስት ሙከራ አይደሉም። በተለያየ ቀን፣ በተለያየ የሴል ባች፣ ቢቻል ከተለያየ ለጋሽ መደገም አለበት።

በመጨረሻ ያለው ከሴል ወደ ሰው መዝለል ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ፣ ምክንያቱም የሚያነብ ሕመምተኛ አለ። 100 ማይክሮ ግራም በሚሊ ሊትር ንጹህ ኩዌርሴቲን (በብዙ ተክሎች የሚገኝ ፖሊፌኖል) ቢሆን 331 ማይክሮሞላር ነው። በአፍ የተወሰደ ኩዌርሴቲን ግን ደም ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ከግሉኩሮናይድና ከሰልፌት ጋር ተጣምሮ፣ በጥቂት ማይክሮሞላር ወይም ከዚያ በታች ነው። አንቲኦክሲዳንት መሆን ብቻውን ልብን እንደማያድንም ታይቷል፦ በ2000 በታተመው የሆፕ ጥናት በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ኢ የወሰዱ ከፍተኛ ስጋት ያለባቸው ሰዎች ከማይወስዱት ያነሰ የልብ ጥቃት ወይም ስትሮክ አላጋጠማቸውም። ከደም ማቅጠኛ ጋር ዕፅ መደባለቅም ቀላል ነገር አይደለም፤ ዳንሼን የተባለው ሥር ዋርፋሪን ከተባለው ደም ማቅጠኛ ጋር ሲወሰድ ደም መፍሰስ ሊያስከትል እንደሚችል የታወቀ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ሳይነግር ምንም ዓይነት ኤክስትራክት አይጀምር።

ለጊዜው መጻፍ የምትችሉት ዓረፍተ ነገር ይህ ነው፦ «ኤክስትራክቱ ከሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ጋር በአንድ ጊዜ ሲሰጥ በሁቬክ ሴሎች ላይ የኤምቲቲ ንባብን ጨምሯል።» የእጥበቱንና የካታሌዙን ውጤት ስታገኙ እዚሁ ለጥፉት፤ የሴል ቁጥሩን፣ የሚዲየሙን ስምና ፓይሩቬት መኖር አለመኖሩን አብራችሁ ጻፉ።