ከወንዙ የምታወጡት ቆሻሻ የት እንደሚሄድ ሳታውቁ አካፋ አታንሡ

እህታችን በአዲስ አበባ በግንፍሌ ወንዝ ዳር እንደምትኖር፣ ከሰፈሯ ሠላሳ የሚሆኑ ወጣቶች በሰኔ ወር ወንዙን ለማጽዳት እንደተስማሙ ገልጻ፣ «ከምን እንጀምር? ምን ያህል ጓንትና ቦት ጫማ ያስፈልገናል?» ስትል ጠይቃለች። ከአራት ዓመት በፊት እኛም በቀበና ወንዝ ዳር ስንነሣ የጠየቅነው ይህንኑ ነበር። ስለ ጓንቱ ሌሎች ስለመለሱላችሁ አልደግመውም። እኔ የምጽፍላችሁ ያኔ ማንም ያልነገረንን፣ የሁለት ሳምንት ልፋታችንንና የሰፈሩን አመኔታ ያሳጣንን ነገር ነው።

አንደኛ፣ በሰኔ አትጀምሩ። ትምህርት ቤት ሊዘጋ ስለሆነ፣ ወጣቱም ጊዜ ስለሚኖረው ሰኔ የተመቸ ይመስላል፤ እኛም ያሰብነው እንዲሁ ነበር። ነገር ግን የእኛም የእናንተም ወንዝ ውሃውን የሚያገኘው ከእንጦጦ ተዳፋት ነው። ሰፈራችሁ ላይ ፀሐይ እየወጣ ተራራው ላይ ከዘነበ፣ ጎርፉ እናንተ ምንም ሳታውቁ ይደርስባችኋል። ከመስቀል በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር፣ ውሃው ይጎድላል፣ ዳርቻው ይደርቃል፣ ክረምቱ ያመጣው ፌስታልም ከዛፉ ሥርና ከቁጥቋጦው ላይ ተንጠልጥሎ በግልጽ ይታያል።

ሁለተኛ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሳታዩ አንድ ማዳበሪያ እንኳ አትሙሉ። ዋናው ነገር ይህ ስለሆነ እንዴት እንደተማርነው በዝርዝር ልንገራችሁ።

በ2014 ሰኔ ላይ በተከታታይ ሁለት ቅዳሜና ሁለት እሑድ ሠራን። ከእግረኛ ድልድዩ በላይ ያለውን፣ መቶ እርምጃ እንኳ የማይሞላ ቦታ ነበር የያዝነው። ወንዝ ውስጥ ያለ ቆሻሻ መንገድ ዳር እንዳለው በመጥረጊያ የሚሰበሰብ አይደለም። ፌስታሉ በአሸዋው ውስጥ ድርብርብ ሆኖ ስለተቀበረ አንዱን ጫፍ ስትስቡት ክንድ የሚያህል ጥቁር ጨርቅ መሳይ ነገር እየተተረተረ ይወጣል። ዳይፐሩ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። አንድ የስፖንጅ ፍራሽ ነበር፤ ውስጡ አሸዋና ፍሳሽ ሞልቶት ስድስት ጎልማሶች በገመድ ጎትተን ለማውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጅቶብናል። ያንን ሁሉ ዳር ላይ ከመርነው፤ ክምሩ ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ሲያመሰግነን፣ እናቶችም ቡና አፍልተው ሲያቀርቡልን ሥራውን የጨረስን መስሎን ነበር።

መኪና እንዲልክልን አስቀድመን የጠየቅነው አንድ መሥሪያ ቤት «ሰኞ ይመጣል» ብሎን ነበር። ሰኞ አልመጣም። ማክሰኞ ስንሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ረቡዕ በሩ ላይ ሁለት ሰዓት ከቆምን በኋላ ኃላፊው ወጥተው፣ ቁልቁል ከጫማችን ጀምረው እያዩን፣ «ወንዝ አጽዱ ብሎ ማን አዘዛችሁ? ያወጣችሁት እናንተ ናችሁ፤ የምታነሡትም እናንተ ናችሁ» አሉን። አብረውን የነበሩት የእድራችን ዳኛ የሰባ ሁለት ዓመት አዛውንት ናቸው፤ እርሳቸውን እንኳ ቁጭ ይበሉ ያላቸው አልነበረም። ይህን ስጽፍ ዛሬም ደሜ ይፈላል። ያስገባነውን ደብዳቤ ስንጠይቅ «እንደዚህ ያለ ደብዳቤ አልደረሰንም» ተባልን። በእጃችን ማስረጃ ስላልነበረን መልስ አጣን፤ ደብዳቤውን ለጸሐፊዋ በእጅ ሰጥተን ነበር የወጣነው።

ዓርብ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ማለዳ ስንደርስ ክምሩ ከነበረበት ቦታ የቀረው ጥቁር ጭቃ ብቻ ነበር። ሁሉም ተመልሶ ወንዝ ገብቷል። ቆሻሻው በአሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ሳለ ጎርፉ የሚወስደው በጥቂት በጥቂቱ ነበር፤ እኛ ግን ፈልቅቀን፣ አላቅቀን፣ በአንድ ቦታ ስለከመርነው በአንድ ጊዜ ጠራርጎ ወሰደውና ከታች ባለው ጠባብ ድልድይ ሥር ወተፈው። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ሁለት ግቢዎች ገባ። በአንደኛው ግቢ የሚኖሩት እናት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ የሚተዳደሩ ናቸው። ለጠዋት ያቦኩት ሊጥ ከነባልዲው ተገልብጦ፣ ማገዶው ርሶ፣ ምድጃው ጭቃ ሞልቶት ደረስን። አልተሳደቡም። «ልጆቼ፣ ለጽድቅ ብላችሁ ነው፤ ግን ምነው ብትተዉት» ነው ያሉን። ገንዘብ አዋጥተን የጤፉንና የማገዶውን ከፈልን፤ ግቢያቸውንም አጸዳን። ከዚያ በኋላ ግን ለወራት ያህል «ወንዝ» የሚል ቃል ስናነሣ ሰዉ ፊቱን ያዞርብን ነበር።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ። ደብዳቤ ስትጽፉ በእድር ወይም በሕጋዊ ማኅበር ስምና ማኅተም ይሁን፤ «የሰፈር ወጣቶች» የሚል ፊርማ ማንም አይቀበለውም። በሁለት ኮፒ አዘጋጁና መዝገብ ቤት አስገቡ፤ በእጃችሁ በሚቀረው ኮፒ ላይ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስጽፉ፤ ያለዚያ ከዚያ ቤት አትውጡ። ደብዳቤው መኪና ብቻ ሳይሆን ቆሻሻው የሚራገፍበትንም ቦታ ይጠይቅ፤ መኪና ተገኝቶ ማራገፊያ የከለከሉት ሹፌር የትም ገደል ውስጥ ደፍቶት እንደሚሄድ እወቁ። የተባለው መኪና ከቀረ የምትከራዩበት ገንዘብም ከወዲሁ ይሰብሰብ። እኛ በ2015 ጥቅምት ላይ እንደገና ስንነሣ እድሩ ለአንድ ሲኖትራክ ኪራይ ፈቀደልን፤ መኪናው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ቆሞ ካየን በኋላ ነው አካፋ ያነሣነው። በዚያ ቀን 214 ማዳበሪያ ጫንን፤ ሲመሽ ዳርቻው ላይ አንዲት ፌስታል አልቀረችም። ሃይላንዱን ለብቻው ለይተን ለላስቲክ ገዢዎች በኪሎ ስለሸጥነው የምሳውን ወጪ ሸፈነልን። እኒያ እንጀራ ጋጋሪዋ እናት በዚያ ቀን እንጀራ በነፃ ይዘውልን መጡ። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

ስለ ጫማ አንድ ቃል ልጨምር፦ ቀጭኑን የላስቲክ ቦት አትመኑት። ከእኛ አንዱ ወጣት የጠርሙስ ስባሪ ሶሉን ሰንጥቆ እግሩ ውስጥ ገብቶበት በሌሊት ለመንጋጋ ቆልፍ መርፌ ጤና ጣቢያ ወስደነዋል። ከሥራው በፊት ሁላችሁም ተከተቡ።

ሦስተኛ፣ የቱቦው ነገር። ደረቁን ቆሻሻ አውጥታችሁ ስትጨርሱ ሽታው እንደነበረ መሆኑን ስታዩ ተስፋ እንዳትቆርጡ። ሽታው የሚመጣው ከፌስታሉ ሳይሆን በቀጥታ ወንዝ ውስጥ ከተለቀቀው የሽንት ቤት ፍሳሽ ነው። እኛ በያዝነው አጭር ቦታ ላይ ብቻ ከግንብ ሥር ብቅ ያሉ አሥራ አንድ ቱቦዎች ቆጥረናል። በየቤቱ እየዞርን ስናነጋግር አንድ ጎረቤታችን «ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ያለ ነው፤ ዛሬ ምን ተገኘ?» ብለው በሩን ዘጉብን። በሕዝብ ፊት አትውቀሷቸው፤ ሽማግሌ ይዛችሁ በቡና ሰዓት ግቡ። ከአሥራ አንዱ አራቱ በዚህ መንገድ ተዘግተው ወደ ፍሳሽ መስመር ገብተዋል፤ በር የዘጉብን ሰውዬ ከአራቱ አንዱ ናቸው።

በላይኛው በኩል ያለ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ይደፋ ነበር፤ እርሱ ግን በቡና አልተመለሰም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11ን አንብቡት። ማንኛውም ሰው ጉዳቱ በእኔ ላይ ደርሷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ስለ ብክለት ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ ማቅረብ ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አቤቱታችንን ከፎቶግራፍ ጋር፣ አንቀጹን ጠቅሰን፣ በዚህ ጊዜ መዝገብ ቤት አስቆጥረን አስገባን። በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣጣሪ መጣ፤ ጋራዡም ዘይቱን በበርሜል ማጠራቀም ጀመረ። ፍርድ ቤት መሄድ አላስፈለገንም።

ሰፈርተኛው «እኛ ብናጸዳው ከላይ ይመጣል፤ ምን ዋጋ አለው?» ማለቱ አይቀርም። ለእኛ ሰፈር የጠቀመን ምላሽ ከላይ ስለሚመጣው ሳይሆን ወደ ታች ስለሚሄደው መንገር ነው። የቀበናም የግንፍሌም ውሃ መጨረሻው ትልቁ አቃቂ ነው፤ ከዚያ የአባ ሳሙኤል ግድብ፣ ከዚያ አዋሽ። በአቃቂ ዳር በዚሁ ውሃ የሚለማው ሰላጣና ቆስጣ ተመልሶ የሚመጣው እኛው ገበያ ላይ ነው። ይህን ስንናገር ከሁሉ በፊት ጆሮ የሰጡን እናቶች ናቸው።

ቀን ለመምረጥ ካመነታችሁ ኅዳር 12ን አስቡበት። በ1911 የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማውን ከጨረሰ ወዲህ በዚያ ቀን ሰው ሁሉ ቆሻሻውን ከቤቱ አውጥቶ በማቃጠል ያጥናል፤ ስለዚህ ማንንም መቀስቀስ ሳያስፈልግ ሰፈሩ ተነሥቶ ታገኙታላችሁ። የሚያስቸግረው እሳቱ ነው፤ ፌስታልና ጎማ ከክምሩ እንዲለይ የሚቆጣጠሩ ሁለት ጠንካራ ሰዎች መድቡ። እኛ ባለፈው ዓመት እንዲህ አድርገን ከጠዋት እስከ ቀትር ሁለት መኪና ሞልተናል።

በእድራችን መጋዘን አሥራ ሁለት አካፋ፣ ስምንት የእጅ ጋሪና ያንን ፍራሽ ያወጣንበት ገመድ አለ። ደብዳቤያችሁ የመዝገብ ቁጥር ሲያገኝ እዚሁ ጻፉልኝና ዳኛውን አነጋግሬ አበድራችኋለሁ፤ ጥቅምት 20 አካባቢ ለራሳችን ሥራ ስለምንፈልጋቸው ቀናችሁን ከዚያ ጋር እንዳይጋጭ አድርጋችሁ ቁረጡ።