ትርፍ እያለን ባንኩ ለምን እምቢ አለን?

ጥያቄያችሁ «ጅማ ላይ ቡና አቅራቢ ነን፤ ኦዲት የተደረገው ሂሳባችን ከግብር በኋላ 1.5 ሚሊዮን ብር ትርፍ እያሳየ ባንኩ የመክፈል አቅማችሁ ደካማ ነው አለን» የሚል ነው። ባንኩ ትርፉን አልተጠራጠረም። የብድር ባለሙያ ትርፉን አይቶ ያልፍና ገንዘቡ የት ገባ ብሎ ይፈልጋል።

ስሌቱ እንዲህ ነው። 400 ሺህ የእርጅና ተቀናሽ (መኪናና ማሽን በየዓመቱ ለሚያረጁት የሚያዝ ወጪ) አላችሁ እንበል፤ ከኪስ ያልወጣ ወጪ ስለሆነ ትርፉ ላይ ይደመርና 1.9 ሚሊዮን ይሆናል። ተሰብሳቢ ሂሳባችሁ፣ ማለትም ሸጣችሁ ገና ያልተከፈላችሁት፣ ከ2 ወደ 5 ሚሊዮን ካደገ 3 ሚሊዮን ይቀነሳል። መጋዘን ያለው ጀንፈል (ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) በ1 ሚሊዮን ከጨመረ እሱም ይቀነሳል። ቡና ለሚያመጡላችሁ ሰብሳቢዎች ያልከፈላችሁት በ600 ሺህ ካደገ ይደመራል። መጨረሻው ከዜሮ በታች 1.5 ሚሊዮን ነው፤ ትርፍ እያላችሁ ጥሬ ገንዘብ ጎደላችሁ ማለት ነው። ወለድና ዋናው ገንዘብ ደግሞ በተሰብሳቢ አይከፈልም።

ቀጥሎ ተሰብሳቢው ይመረመራል። ዓመታዊ ሽያጫችሁ 24 ሚሊዮን ከሆነ 5 ሚሊዮኑን ለ24 አካፍሉና በ365 አባዙ፤ 76 ቀን ይመጣል፤ ደንበኞቻችሁ ለመክፈል በአማካይ ይህን ያህል ይቆያሉ ማለት ነው። ውላችሁ 30 ቀን የሚል ከሆነ ማን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳልከፈለ የሚያሳይ ዝርዝር ሳትይዙ ወደ ባንኩ አትሂዱ። በጣም የቆየውን ባለሙያው በራሱ ስሌት ዜሮ ሊያደርገው ይችላል። ከባለአክሲዮኖች የሚሰበሰብ የሚለውንም እንዲሁ፤ በቤተሰብ በተያዘ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ውስጥ ይህ ብዙውን ጊዜ ባለቤቶቹ አውጥተው የወሰዱት ገንዘብ ስለሆነ ከካፒታሉ ላይ ይቀነሳል።

የቡና ሥራ የራሱ ጣጣ አለው። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ መጋዘኑ ከሞላ ጎደል ባዶ፣ ዕዳውም ዝቅተኛ ስለሚሆን የአጭር ጊዜ ሀብት ለአጭር ጊዜ ዕዳ ሲካፈል 1.8 ሊመጣ ይችላል፤ ያማረ ቁጥር ነው። በታኅሣሥ፣ ግዢው ሲጋጋል፣ ያው ድርጅት ወደ 1 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ የወር በወር ሂሳብና የ12 ወር የባንክ ዝርዝር ብትጨምሩ ይሻላል፤ ወቅታዊውን ውጣ ውረድ ራሳችሁ ካላስረዳችሁ ባለሙያው በመጥፎው ይተረጉመዋል።

ሽያጩ ለግብር ከተገለጸውና በባንክ ካለፈው ገንዘብ ጋርም ይመሳከራል። ለገቢዎች አንድ፣ ለባንክ ሌላ ሂሳብ ማቅረብ እዚህ ላይ ይጋለጣል፤ ከተጋለጠ ደግሞ የቀረውንም ቁጥር የሚያምን የለም። (ኦዲተሩ ማን እንደሆነም ይታያል፤ ፊት ለፊት ግን አይነግሯችሁም።)

የጠየቃችሁት የብድር ዓይነትም ይመዝናል። ለወቅቱ የቡና ግዢ ኦቨርድራፍት (ሂሳባችሁ ላይ ካለው በላይ እስከ ተወሰነ ጣሪያ ማውጣት የሚያስችል የአጭር ጊዜ ብድር) ይስማማል፤ በሱ የጭነት መኪና ከገዛችሁ ግን ገንዘቡ መኪናው ውስጥ ይታሰርና ሂሳቡ ዓመቱን ሙሉ ከጣሪያው አይወርድም። ለመኪና የረጅም ጊዜ ብድር ጠይቁ። ያኔ ከሥራው የሚገኘው ጥሬ ገንዘብ የዓመቱን ዋናና ወለድ ቢያንስ 1.2 ጊዜ እንዲሸፍን ብዙ ጊዜ ይፈለጋል፤ ክፍያው 1.2 ሚሊዮን ከሆነ 1.44 ሚሊዮን ማሳየት አለባችሁ። መያዣ ቤት መኖሩ ይህን አይተካም።

አሁን ባላችሁበት ሁኔታ መጀመሪያ ከ5 ሚሊዮኑ የተወሰነውን ሰብስቡ፣ ገቢው በባንክ ሂሳባችሁ ላይ ይታይ፣ ከዚያ ማመልከቻውን አድሱ።