በቤተሰብ ፍርድ ቤት ከወታደር ቤተሰቦች ጋር መሥራት ለምትፈልጊው

ጥያቄሽ ደርሶኛል። አሜሪካ ሶሻል ወርክ እየተማርሽ ነው፤ ለመመረቅ አንድ ዓመት ቀርቶሻል። በፍቺና በልጅ አሳዳጊነት ክርክር ውስጥ ያሉ ወታደሮችንና ቬተራኖችን (የቀድሞ ወታደሮችን) ማገዝ ትፈልጊያለሽ። «የቬተራኖች ችሎት ላመልክት ወይ?» ብለሻል።

እዚህ ላይ ቆም በይ። በ2008 በኒው ዮርክ ስቴት ቡፋሎ ከተማ የተጀመረው የቬተራኖች ችሎት የሚያየው የወንጀል ጉዳይ ነው። ሱስ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ከእስር ይልቅ ወደ ሕክምና ይመራል። ያንቺ ሥራ ያለው በየስቴቱ የቤተሰብ ፍርድ ቤት፣ በተለይ ጠበቃ የሌላቸውን በሚረዳው ክፍል፣ እና በነጻ የሕግ ድጋፍ ድርጅቶች ነው። ማስታወቂያው ላይ «ወታደር» የሚል ቃል ላታገኚ ትችያለሽ፤ አትለፊው።

ከሌላው አመልካች የሚለይሽ ሕጉን ማወቅሽ ነው። በ2003 የወጣውን፣ በአጭሩ ኤስሲአርኤ የሚባለውን የወታደሮች ከለላ ሕግ አንብቢ። ሚስት አሳዳጊነት ጠይቃ ከሰሰች እንበል፤ ባል ግዳጅ ላይ ነው። አልቀረበም ተብሎ ዝም ብሎ አይፈረድበትም። ከሳሿ ባሏ ወታደር መሆን አለመሆኑን በቃለ መሐላ ታሳውቃለች። ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ ጠበቃ ይመድብለታል። ባልየው ራሱ ቀጠሮ ይራዘምልኝ ካለ ቢያንስ 90 ቀን ያገኛል። ግን ወረቀቱ መሟላት አለበት፦ ግዳጁ እንዴት እንደከለከለውና መቼ መቅረብ እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ፣ ከዚያም ፈቃድ እንዳልተሰጠው የሚያረጋግጥ የአዛዡ ደብዳቤ። ደብዳቤው ከሌለ ማመልከቻው ጎዶሎ ነው። እንዲህ ያለውን ቀዳዳ ቀድማ የምታይ ሠራተኛ ትፈለጋለች።

«በትዳር አሥር ዓመት ስላልሞላን ከባሌ የውትድርና ጡረታ አይደርሰኝም» የምትል ሚስትም ትመጣብሻለች። ተሳስታለች። ድርሻዋን የሚወስነው የስቴቱ ፍርድ ቤት ነው። አሥር ዓመቱ የሚያስፈልገው የመከላከያው ከፋይ መሥሪያ ቤት ድርሻዋን በቀጥታ እንዲልክላት ነው፤ እሱም ትዳሩ ከአሥር ዓመት የውትድርና አገልግሎት ጋር የተደራረበ ከሆነ።

ታዲያ ይህን ሁሉ ስላወቅሽ ጠበቃ አትሆኚም። የትኛው ቅጽ እንደሚሞላ ማሳየት ትችያለሽ፤ «ክሰሺው» ወይም «ተስማሚ» ማለት ግን የሕግ ምክር ነው፣ አይፈቀድልሽም። ኢንተርቪው ላይ ይህን ልዩነት በምሳሌ አስረጂ።

የልምምድ ቦታሽን ገና ካልመረጥሽ፣ የጦር ሰፈር ባለበት ካውንቲ ያለ የነጻ ሕግ ድጋፍ ቢሮ ጠይቂ። ክፍያ ላይኖረው ይችላል። በዚህ ሳምንት ለልምምድ (ፊልድ) አስተባባሪሽ ኢሜይል ጻፊ፤ ቦታዎቹ ቶሎ ያልቃሉ።